የጋሽ እምሩ ቄቦች

ጋሽ እምሩ አራት ኪሎ በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ብርጭቆ አጥበው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዲግሪ የላቸውም፤ ጆሮ ግን አላቸው። መምህሩ ለተማሪ የሚያስረዳውን ሁሉ እጃቸው ሳሙና ውስጥ እንዳለ ሰምተዋል። ከሰሙት ሁሉ ልባቸው ላይ የቀረው የዶሮ ላባ ነገር ነው።

ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለው ግቢያቸው አንዲት ገብስማ ዶሮና አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ነበሯቸው። አውራው ገና ሳይነጋ እየጮኸ አላስተኛ ሲል፣ ግድግዳ የሚጋሯቸው እትዬ ዓለምጸሃይ የግቢውን ሰው ሰብስበው ፈረዱ፦ አውራው ይውጣ፤ ገብስማዋ ከታቀፈችውም ሴት ሴቱ ብቻ ይደግ፤ አንድ እንኳ ከጮኸ ዶሮ የሚባል ነገር ከነቆጡ ይነሳል። ለጋሽ እምሩ ይሄ ቀልድ አልነበረም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳቸው ለዶሮ ጥሬ መበተን ነው።

ግን አልፈሩም። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ ማግስት ስምንቱንም እያነሱ አናታቸውን አዩ።

"ነጭ ነጥብ ያለው ወንድ ነው" አሏት አጠገባቸው ለቆመችው ጎረቤታቸው ለረሂማ። "አባትየው ቀይ ስለሆነ እናትየዋ ገብስማነቷን የምታወርሰው ለወንዶቹ ብቻ ነው። ሴቶቹ ጥቁር ናቸው፣ ነጥብም የላቸው።"

"እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?"

"እንደ ስሜ!"

ረሂማ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ነጥብ ያላቸው ሦስቱ እንጦጦ እህታቸው ዘንድ ሄዱ። አምስቱ ቀሩ።

ወራት አልፈው ፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከአምስቱ አንዷ ቆጡ ላይ ወጥታ ደረቷን ነፋችና ጮኸች።

እትዬ ዓለምጸሃይ ነጠላቸውን በቅጡ ሳይለብሱ ደረሱ። "መቼም ፍርዱን አልረሱትም፣ ጋሽ እምሩ?"

ጋሽ እምሩ ወደ ቆጡ ተጠግተው የጮኸውን አናት አዩ። ዶሮዎቹስ ይሂዱ፤ ነጥቡ ዋሽቶ ከሆነ ያ ሁሉ ዓመት የሰሙት ምን ሊሆን ነው?

"የኔ ነው" አለች ረሂማ ከደጃፏ። "ጥቁሯ ዶሮዬ አልታቀፍ ስትለኝ አንድ እንቁላሏን ገብስማዋ ሥር ከተትኩ። ሙከራዬን አበላሸሽ ብለው እንዳይቆጡኝ ነው ዝም ያልኩት።"

ይቆጣሉ ሲባል ጋሽ እምሩ አጨበጨቡ። "ጥቁር እናት! ከጥቁር እናት እኮ ወንዱም ያለ ነጥብ ነው የሚፈለፈለው! ነጥቡ አልዋሸም!"

"ዋሸ አልዋሸ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ይጮኻል አይደል?" አሉ እትዬ።

ረሂማ አውራውን ይዛ ቀረበች። "እትዬ፣ የኔ ስለሆነ ለፋሲካ ለእርስዎ ይሁን። የጋሼ ቄቦች ግን ምን አጠፉ?"

እትዬ ተቀብለው ደረቱን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። የበዓል ዶሮ ገበያውን ያውቁታል።

"እንግዲህ ቄቦቹ ይቆዩ" አሉ።

ፋሲካ እስኪደርስ አውራው እትዬ በር ላይ ታስሮ በየማለዳው ግቢውን ቀሰቀሰ። ዶሮዎን ዝም ያሰኙ የሚላቸው ደፋር አልተገኘም። ጋሽ እምሩም ለአራቱ ቄቦቻቸው ጥሬ እየበተኑ ጩኸቱን ፈገግ ብለው ያዳምጡ ነበር።