ቀራጩና የተሰነጠቀው ማህተም

ሀምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ ሰፈርተኛው ግን እስከ ዛሬ «ቅብጥብጡ» ይለዋል። ቆሞ ይበላል፣ እየተንጎራደደ ያወራል፣ እንግዳ ቤት ተጋብዞ ሳይቀር ወንበር አይሞቅለትም። ይህ ሰውዬ አደብ የሚገዛው ማህተም ሲቀርጽ ብቻ ነበር። ጎማውን በግራ፣ ምላጩን በቀኝ ከያዘ ቤት ቢቃጠል ቀና አይልም።

ጣጣው የመጣበትም በዚሁ ሥራው ነው። አንድ ፈገግታ የማያልቅበት ደንበኛ የክሊኒክ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ መጣና «አሮጌው ስላለቀ ነው፤ ይችኑ አስመስልልኝ» አለው። የክሊኒኩን ደብዳቤ መጠየቅ ነበረበት፤ አልጠየቀም። «አልገባኝም ነበር» ቢል ውሸቱን ነው። ደግሞ ኩራተኛ ቀራጭ አይደል፣ በሥራው ሁሉ ጠርዝ ላይ የሙያ ጓደኞቹ ብቻ የሚያውቋት አንዲት ጭረት ይተዋል። በሐሰተኛው ማህተም ላይም ተዋት! በዚያ ማህተም የተመታ የውሸት የሕመም ፈቃድ ሲያዝ ፖሊስ ወረቀቱን ለሌላ ቀራጭ አሳየ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የቅብጥብጡ በር ተንኳኳ።

ከዚያ በፊት ጥፋት ስላልነበረበት ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አቆይቶ ዕድል ሰጠው። ጥፋቱን በጽሑፍ አመነ፣ ክሊኒኩን ይቅርታ ጠየቀ። የቀረው ስድስት ወር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ መዝገብ ቤት ውስጥ በነፃ ማገልገል ነበር። እስኪጨርስ ድረስ ማህተም መቅረጽም መጠገንም ክልክል ነው። ከጨረሰ መዝገቡ ይዘጋል፤ ካጎደለ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ከተፈረደበትም የሥራ ፈቃዱ አይታደስም።

ስድስቱ ወር አሳሩን አበሉት። አቧራ የጠጡ ፋይሎች ሲደረድር ጣቶቹ ምላጭ ፍለጋ ይቁነጠነጣሉ። አንድ ቀን ቤቱ ውስጥ ሳሙና ላይ በጥፍሩ ክብ ሲጭር ባለቤቱ ደረሰችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልታስጨርሰን ነው?» ብላ ሳሙናውን ነጠቀችው።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። የማጠናቀቂያ ቅጹ ማህተም ተደርጎበት ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ መድረስ አለበት። የመዝገብ ቤቷ ተቆጣጣሪ ማህተሙን ቀለም አስነክታ ስትጫነው ግማሹ ብቻ ወጣ። ጎማው መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል።

«ውይ! ጋሼ፣ እርስዎ እኮ በአምስት ደቂቃ ያስተካክሉታል» አለችና ከመሳቢያዋ ምላጭና ሙጫ አወጣች።

እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ ጎማውን አነሳ። ስንጥቁ ቀላል ነበር፤ የት ተቆርጦ የት እንደሚለጠፍ ወዲያው ታየው። ልቡ በደስታ ዘለለ። ከዚያ እንደ ጋለ ብረት ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«አልነካም፣ ልጄ።»

«እኔ ፈቅጄ? ደግሞስ ማን ያያል?»

«ያን ጊዜም ያልኩት ይህንኑ ነው።»

ፊቷ ቀላ። ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች፤ ሌላውን ማህተም የያዘው ኃላፊ ለመስክ ወጥቷል። ቅብጥብጡ ኮሪደሩን ይመላለስ ጀመር። ሰዓቱን ያያል፣ ራሱን ይራገማል። አምስት ደቂቃ እኮ ነው! አሁን ተመልሶ ቢለምናት ምን አለበት? ሁለቴ በሩ ድረስ ሄዶ ሁለቴ ተመለሰ።

በሦስተኛው እሷው ጠራችው። በነጭ ወረቀት ላይ በእጇ የጻፈችውን አነበበችለት፦ «አገልግሎቱን ጨርሷል፤ ማህተማችን ግን ተሰንጥቋል። እንዲጠግነው ጠየቅሁት፤ ክልክል መሆኑን ነግሮኝ እምቢ አለ። መጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው።»

«ልጄ፣ ይሄ እኮ አንቺን ያስጠይቅሻል።»

«አውቃለሁ» ብላ ፈረመችና ከቅጹ ጋር አያያዘችው። «አሁን ሮጥ ይበሉ!»

ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ፤ ገልብጦ ጀርባውን አየ። ቀራጩ ላብ አጠመቀው። ዕድሜውን ሙሉ ማህተም የሌለውን ወረቀት ብጣሽ ሲል የኖረ ሰው ነው፤ ዛሬ ኑሮው በአንዲት ብጣሽ ላይ ተንጠልጥሏል።

«የእርስዎ መዝገብ ተዘግቷል» አለ በመጨረሻ ዐቃቤ ሕጉ፣ እየፈረመ። «ለተቆጣጣሪዋ ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፋል።»

ነፃ ወጥቷል። በሩ ክፍት ነው፣ ባለቤቱም ውጭ ትጠብቀዋለች። እሱ ግን አልወጣም።

«ምነው፣ ሌላ ጉዳይ አለዎት?»

«የመጀመሪያ ጥፋቷ እኮ ነው፣ ጌታዬ» አለ ቀራጩ።