የየኔታን ጥሪ ማን ዋጠው

ያን ዓመት የኔታ በበዓሉ ዕለት ከጠዋት ጀምረው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ደብረ ወርቅ ላይ ፊደልና ዜማ ያስተማሩን መምህር ናቸው፤ ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል። የድሮ ተማሪዎቻቸው ማኅበር አቋቁመን በየዓመቱ የማኅበራችንን በዓል አብረናቸው እንውላለን። እኔ ደብረ ማርቆስ ሆኜ የማኅበሩን ዜና መጽሔት በኢሜይል ለአባላቱ እልካለሁ፤ የበዓሉንም ጥሪ የላክሁት እንደዚያው ነው። የመጣነው ግን እኔና የማኅበሩ ጸሐፊ ብቻ ነበርን።

«ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» አሉ የኔታ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ለተማሪ ልጆቻቸው ያስጠመቁት ጠላ ሳይቀዳ ቀረ።

ደሜ ፈላ። ከተማ ስመለስ ለእያንዳንዱ አባል ደወልሁ። «የምን ጥሪ?» ይሉኛል። አንዱ ስልኩን ጎርጉሮ «ኧረ ስፓም ውስጥ ነው ያለው! ላኪው አጭበርባሪ ሊሆን ይችላል ይላል» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አጭበርባሪ! ዳዊት እየደገመ ያደገ ሰው ሁሉ፣ ሎተሪ ደረሰህ እያለ ከሚያታልል ወሮበላ ጋር አንድ ላይ ይጣል? የወሮበላው መልእክት ደግሞ ማንም ሳያግደው በየቀኑ እኔ ዘንድ ይደርሳል!

ዶሜይናችንን፣ ማለት የማኅበሩን የኢንተርኔት ስም፣ ወደሸጠልን ድርጅት ደወልሁ። አንዱ «ከእኛ በኩል ችግር የለም» አለኝ። ሌላው «ነገ ይሞክሩት» አለኝ። ሞከርሁት፤ ያው ነው። ተናድጄ ራሴ ማንበብ ጀመርሁ። ለካ የአባላቱን ኢሜይል የሚቀበሉት ኩባንያዎች ማንነታችንን የሚያጣሩት በዶሜይናችን ስም በተመዘገበች አንዲት መስመር ኖሯል፤ በዚህ ማኅበር ስም መላክ የተፈቀደለት ማን እንደሆነ የምትናገር። መስመሯ የምትጀምርበት ምልክት የታወቀ ነው። ከእሱ በፊት ሌላ ቃል ከገባ እንደሌለች ትቆጠራለች። ገጹን ከፍቼ አየሁ። መጀመሪያዋ ላይ «በስመ ሥላሴ» ይላል።

በዚያው ዓመት ዶሜይኑን ስንገዛ ያስገባው ጸሐፊያችን ነው። ቢሮው ድረስ ሄጄ ጮኽሁበት።

«ምን አባክ ነው የጻፍኸው?»

«ምን ልጻፍ ታዲያ? የኔታ ያለ ሥላሴ ስም ጽሑፍ አትጀምሩ ብለው አይደል ያሳደጉን?»

«ለማሽን'ኮ ነው!»

«ለማሽንም ቢሆን። እኔ የሥላሴን ስም አልሰርዝም፤ ከደፈርህ አንተ ሰርዘው!»

ጣቴን ወደ ኮምፒውተሩ መሰረዣ ቁልፍ ሰደድሁ፤ ከዚያ መለስሁት። አልደፈርሁም። ይሄ ደግሞ የባሰ አበገነኝ።

ቅዳሜ ጸሐፊውን ሚኒባስ ውስጥ አስገብቼ ደብረ ወርቅ ይዤው ሄድሁ። ለየኔታ ነገሩን ከሥሩ አስረዳናቸው። «እንግዲህ ስሙን ከዚያ እናንሣው ወይስ ይቆይ?» አልኋቸው።

ጥያቄዬን የሰሙት አልመሰለኝም።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ልጆቼ ጥሪውን አላዩትም ነው የምትሉኝ?»

«አላዩትም፣ የኔታ።»

«አንዳቸውም?»

«አንዳቸውም።»

የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከዚያ መቋሚያቸውን አንሥተው የጸሐፊውን ጉልበት መታ አደረጉት።

«ምን ትጠብቃለህ? አንሣውና ልጆቼን ጥራልኝ!»

ጸሐፊው ስልኩን አወጣና እዚያው ፊታቸው «በስመ ሥላሴ» የሚለውን ከመስመሯ አነሣው።