የኋሊት የሚራመዱት አባባ

በቬትናሟ ሃኖይ ከተማ፣ ሐይቅ ዳር ሻይ የምትሸጠው ትዋ የእኚህን አባባ ስም አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ለልባቸው ጤና ሰውነታቸውን ከሚያፍታቱት አዛውንት መካከል ፀጉራቸውን ቅባት ቀብተው፣ ሸሚዝ ተኩሰው የሚመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የሸሚዙ ነጭ ቁልፎች ግን በቀይ ክር ተሰፍተዋል፤ ብቻውን የሚኖር ወንድ ስፌት። ሐይቁን እንደ ሰው ይዞሩና ዳር ላይ የሚደንሱትን ባልቴቶች እንዳለፉ ዞረው የኋሊት ይራመዳሉ። ለልብ ጥሩ ነው ይባላል፤ ዓይናቸው ግን ከደናሾቹ መካከል ባለቀይ ቀሚሷ ሴትዮ ላይ ነው።

ዛሬ በጀርባቸው ከዛፍ ጋር ተላተሙ። ወዲያው፣ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ለጤና እንደሚያደርጉት፣ አስበውበት የመጡ ይመስል ጀርባቸውን በግንዱ ይደበድቡ ጀመር።

«አባባ፣ ልብዎ እንዴት ነው?» አለች ትዋ ሳቋን አፍና።

«እሱንማ ሐኪሙ አትሩጥ ብሎታል» አሉ ዓይናቸውን ከሴትዮዋ ሳይነቅሉ። «መች ይሰማል!»