የሮስኮ ታልበርት እጆች

አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁር ሹፌር ፖሊስ ሲያስቆመው፣ እንዳይተኮስበት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ሊያደርግ ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገራል። ሽማግሌው ሮስኮም ልጆቹን ያሳደገው ይህንኑ እያስጠና ነው።

እህቱ የተቀበረች ዕለት፣ ለለቀስተኛው ምግብ ጭኖ ሲሄድ የልጅ ልጁን የሚያክል ፖሊስ «መስመር ረግጠሃል» ብሎ አስቆመው። አስጠነቀቀውና ደግሞ መኪናውን ልፈትሽ አለ።

«አልፈቅድም። ማስጠንቀቂያውን ሰጥተውኛል፣ ልሂድ ጌታዬ።»

«ዕፅ አነፍናፊው ውሻ እስኪመጣ ትጠብቃታለህ፣ አባባ!»

እርጉሙ ውሻ መጣና ዕፅ እንደሸተተው ሁሉ በሩ ሥር ቁጭ አለ። ወንበሩ ተነቀለ፣ የሥጋው ድስት አስፋልት ላይ ተደፋ፤ ምንም አልተገኘም። ፖሊሱ ውሻውን «ጎበዝ!» ብሎ አሻሽቶ፣ ሮስኮን ይቅርታ እንኳ ሳይል ሄደ።

ሮስኮ አጎነበሰ። ማንም በሌለበት መንገድ ላይ፣ «እጄን ወደ ድስቱ ልሰድ ነው፣ ጌታዬ» አለ።