የጋሽ መንገሻ አንገት

ጋሽ መንገሻን ዳላስ አጠገብ ሮውሌት ያለው አበሻ ሁሉ የሚያውቃቸው በወፍ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ኤርፖርት የፓርኪንግ ሻትል ነዱ፤ ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ባይናኩላር አንጠልጥሎ ወፍ ፍለጋ ሐይቅ ዳር መዞር ሆነ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው። እኔ በበኩሌ ወፍ የምለየው የሚበላና የማይበላ ብዬ ነው።

ያንን ዓይን ግላኮማ ያዘው። ዳር ዳሩ ጠፍቶ መሀሉ ብቻ ቀረላቸው፤ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆኑ። ሐኪሙም የቀረው ብዙ እንደማይቆይ ነገራቸው። የሚቆጫቸው አንድ ነገር ነበር፦ ከርሉ ሳንድፓይፐር የምትባለውን፣ ቴክሳስ እምብዛም የማትመጣውን የባሕር ዳር ወፍ አላዩም። ቆማ ከሌሎቹ ጋር ትመሳሰላለች፤ በደንብ የምትለየው ስትበር፣ ከጅራቷ በላይ ባለው ነጭ ነው።

ጥቅምት ላይ ጋልቬስተን ባሕር ዳር ታየች ተባለ። የወፍ ጓደኛቸው ነርሷ ሳሮን ከሥራ ኦፍ ነበረችና ይዛቸው ወረደች። እኔም ለዓሣው ብዬ ተከተልኩ።

ሳሮን አሸዋው ላይ ቴሌስኮፑን ተክላ ብዙ ፈለገች። "ጋሼ፣ እሷ ሳትሆን አትቀርም! ፎከስ አድርጌዋለሁ፣ ይምጡ ይዩ።"

"አንቺ ነሽ ያገኘሽው፣ መጀመሪያ ጠግበሽ እዪ።"

"ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!"

"በሞቴ!"

"እኔ ልሙት፣ ኦኬ? ይምጡ!"

ሲገባበዙ ወፎቹ ብር አሉ። እውነቱን ለመናገር በገንኩ፤ አምስት ሰዓት ነድተን በይሉኝታ ልናጣት ነው!

መንጋው ውሃው ላይ ዞሮ፣ ዝቅ ብሎ ወደ እኛ መጣ። ጋሽ መንገሻ በዚያች ቀዳዳቸው የተሳሳተውን ሰማይ ያስሳሉ። ያኔ ሳሮን፣ ሰላም ስትላቸው እንኳ ጎንበስ የምትለዋ ልጅ፣ በአንድ እጇ ማጅራታቸውን በሌላው አገጫቸውን ጨምድዳ ያዘችና ከመንጋው ጋር አዞረቻቸው። "ይኸው! ከፊት ያለችዋ! ይኸው!"

"ነጩ!" አሉ። "አየሁት ሳሮንዬ፣ ነጩን አየሁት!"

እስከ ዳላስ ድረስ ይቅርታ ስትጠይቃቸው መጣች። እሳቸው ይስቃሉ። ዓሣውን የበላሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ዘንድሮ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሳሮን ሮውሌት ሐይቁ ዳር ትወስዳቸዋለች፤ እኔም እሄዳለሁ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ክንፍ ሲሰሙ ጋሽ መንገሻ ቀጥ ብለው ይቆሙና፣ ኮሌታቸውን ዝቅ አድርገው አንገታቸውን ይሰጧታል። እሷም ይዛ ታዞራቸዋለች።