ሜዳ ላይ በሰው የሠራነው ሰርኪት

ልጅ እያለሁ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ አሥረኛ ክፍል ስንማር፣ የፊዚክስ አስተማሪያችን አንድ ቀን ከተበላሸ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ውስጥ ያወጣውን አረንጓዴ ሰሌዳ ይዞልን ገባ። ቲቸር አስናቀ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ እግር ነበር። ሰሌዳው አቧራና የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። መሐሉ ላይ በሁለት ጎኗ ቀጫጭን እግሮች ያሏት፣ ጥፍር የምታክል ጥቁር ነገር ተጣብቃለች።

«መዥገር ትመስላለች» አለች ዝናሽ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ዝናሽ የመንደሬ ልጅ ናት። ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ነበር የምንኖረው። የመጣላትን ከመናገር የማትመለስ፣ ቁጥር ላይ ግን የማትቻል ልጅ ነበረች። ቲቸር አስናቀም አብሮን ስቆ፣ የመዥገሯ ስም ቺፕ እንደሆነ፣ ውስጧ በዓይን የማይታዩ ብዙ ማብሪያ ማጥፊያዎች እንዳሉ፣ የምታውቀውም ዜሮና አንድን ብቻ እንደሆነ ነገረን። ከዚያ «አንድ ጌት» የሚባለውን ጀመረ። እኛ ቁጥሩን መስሎን ኖሮ፣ «አንዱስ ገባን፣ ሁለት ጌት የታለ?» ብለን ጠየቅነው። «እና» የሚለው የእንግሊዝኛው «አንድ» መሆኑን እስኪያስረዳን ደወል ተደወለ።

በማግስቱ መብራት አልነበረም። ወደ ሜዳው አወጣንና አሰለፈን። ትከሻህን የነካህ ካለ አንድ ነው፣ ካልተነካህ ዜሮ። «አንድ» የሆነ ልጅ እጁን አንስቶ ከፊቱ ያለውን የሚነካው ከኋላው ያሉት ሁለቱም ከነኩት ነው። «ኦር» የሆነ አንዳቸውም ቢነኩት ይበቃዋል። «ኖት» ደግሞ ሲነኩት ዝም፣ ሲተዉት እጁን ማንሳት። ኖት የሆነችው ዝናሽ ነበረች፤ ማንም አልመረጣትም፣ ራሷ ሮጣ ቆመች። ከኋላ አንድና አንድ አስገባን። ንክኪው ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተቀባበለ መጥቶ፣ ፊት ከቆምነው ከሁለታችን የአንዱ እጅ ተነሳ፣ የእኔ ሳይነሳ ቀረ። አንድ፣ ዜሮ። በቺፕ ቋንቋ ሁለት ማለት ነው። ሁለት የሚባል ቁጥር ከማናውቅ ልጆች መሐል ሁለት ወጣ። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ።

«ቲቸር፣ ግን ውስጧ ሆኖ የሚወስነው ማነው?» አለች ዝናሽ።

«ማንም። ሁሉም ከጎኑ የመጣለትን ብቻ ነው የሚያየው።»

መልሱ አልጣማትም። ቅዳሜ ስንቅ ልናመጣ ወደ መንደር ስንወርድ መንገዱን ሙሉ ስለዚሁ አወራች። እንደደረስንም ወንድም እህቶቿን ሰብስባ ግቢው ውስጥ አሰለፈቻቸው። አባቷን አያ ጌጡንም ከበሬዎቻቸው አጠገብ ጎትታ አመጣቻቸው።

«አባየ፣ ሁለታችን ካልነካንዎ እጅዎን እንዳያነሱ።»

«አንዷ ብቻ ብትነካኝስ?»

«ዝም ነዋ!»

አያ ጌጡ እንደ ሕፃን እየሳቁ፣ እየተሳሳቱ፣ እንደገና እየጀመሩ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተጫወቱ። እንደዚያ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ በየስልቻችን ይዘን ተነሳን። ግንቦት እያለቀ ነበር። አያ ጌጡ እንደ ወትሯቸው እስከ ወንዙ ሸኙን። ሰማዩ በእኛ በኩል ጥርት ያለ ነው፤ ጉና ተራራ ላይ ግን ጠቁሯል። ውሃው ከጉልበት አያልፍም ነበር። እኔ ውሃ ስለምፈራ፣ «የሰው ልጅ ትቅደም» ብለው እጄን ይዘው አሻገሩኝ። ዝናሽን «እስክመለስ ጠብቂ» አሏት። እሷ ግን ስልቻዋን አዝላ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች።

«ምን አለው፣ ጉልበት ነው!» አለች እየሳቀች።

መጀመሪያ የሰማነው ድምፅ ነው፤ ከላይ በኩል ድንጋይ የሚገለብጥ የሚመስል። አያ ጌጡ «ተመለሽ!» ብለው ወደ ውሃው ዘለሉ። ደራሹ ጎርፍ ቀይ ሆኖ፣ ግንድ እየገፋ፣ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል እሷ መሐል ላይ ነበረች። ደረሱባት። የያዟት መሰለኝ። ውሃው ሁለቱንም ዋጣቸው። አያ ጌጡ ከታች በኩል የዋርካ ሥር ጨብጠው ሲወጡ፣ በሌላው እጃቸው የያዙት ስልቻውን ነበር። ለረጅም ጊዜ አለቀቁትም። በሶው ረጥቦ በጣቶቻቸው መሐል ይወርድ ነበር።

አስከሬኗ በማግስቱ ተገኘ። ቲቸር አስናቀ ክፍሉን በሙሉ ይዞ ለቀብር መጣ። አያ ጌጡ እጁን ያዙና፣ «ያ ጨዋታ ምን ነበር የሚባለው?» ብለው ጠየቁት። ከዚያ ወዲህ ወደ ሜዳው አላወጣንም። የቀረውን ምዕራፍ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ፊቱን ሳያዞርልን ጨረሰው። አያ ጌጡ ሌሎቹን ልጆቻቸውን ወንዝ አሻግረው አላስተማሩም።

ዛሬ ደብረ ታቦር ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሰርኪቱን ስልካቸው ላይ ይሠሩታል፤ አንድና አንድ ሲደመር ማንም አይጮህም። ወንዙ ላይ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቷል። የመካነ ኢየሱሱ ትምህርት ቤታችን ግን ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ እንደተዘጋ ነው።

ባለፈው ዓመት አያ ጌጡ የልጅ ልጃቸውን፣ የዝናሽን እህት ልጅ ብርቱካንን ይዘው፣ በጦርነቱ የተዘጋው መንገድ ለአንድ ሰሞን ሲከፈት ቤቴ መጡ። አርጅተዋል። ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ «ትማር፣ ልጄ። እናቷን አላስተማርኩም፤ እሷ ትማር» አሉኝ። በማግስቱ ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ወደ መንደሩ ስልክም አይሠራም።

ብርቱካን ጎበዝ ናት፤ ትምህርቷን አታስታጉልም። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ልብሷን አጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ በሩ ላይ ትቀመጣለች።

«እትየ፣ የዛሬ ሳምንትስ ወደ ቤት መኪና ይኖር ይሆን?»

«ይኖር ይሆናል» እላታለሁ።

እኛ ያኔ፣ ድልድይም ሳይኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን እንገባ ነበር።