መርማሪው ፀጉር ቆራጭ

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ወንጀል መርማሪ ፖሊስ ነበር። ጡረታ ሲወጣ እሱም እፎይ ይላል፣ እኔም እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር። እሱ ግን የሰፈሩን ፀጉር ቤት ተከራየና መቀስ ያዘ። እኔም በዚህ ጉልበቴ ፎጣ አጣቢ ሆንኩለት።

ካምፕ ሳለ የባልደረቦቹን ፀጉር ይቆርጥ ስለነበር እጁ አይታማም። ገበያውን ያባረረው ምላሱ ነው። ደንበኛ ገና ከመቀመጡ፣ «ትናንት የት አመሸህ? ከማን ጋር?» ይለዋል። ሰውየው ምላጩ ማጅራቱ ላይ ሆኖ ምን ያድርግ? ላቡ ጠብ እያለ ይመልሳል። ጎረቤታችን ሚስቱ የማታውቀውን ሁሉ ዘክዝኮ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በደጃችን አያልፍም።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው እኮ ጨዋታ ነው የሚፈልገው!» ስለው፣

«ታዲያ እየተጫወትኩ አይደል?» አለኝ፤ የምሩን ነው። እንዲህ እየተባባልን ባዶ ወንበር ስንጠብቅ እንውላለን።

ባለፈው ሳምንት ድሮ እየደጋገመ ያስረው የነበረ ኪስ አውላቂ መጣ። ሸብቷል፣ ስርቆቱንም ትቷል። ለባሌ ጥያቄ እንግዳ ስላልሆነ ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉንም አንድ በአንድ መለሰ። ሲጨርስ፣ «እርስዎስ አለቃ፣ እንዴት ነዎት?» አለው።

መቀሱ ቆመ። ባሌ መስታወቱን እያየ፣ «ደክሞኛል» አለ።

እርጥቡን ፎጣ እንደያዝኩ ቀረሁ። ከተጋባን ጀምሮ ይህቺን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ዘመኑን ሁሉ የሰው ቃል ሲቀበል ኖሮ፣ የእሱን ቃል የተቀበለው ሌባው ሆነ።